የተሸናፊ ድርሻ

ገዥው የሞተው አርብ ነው። ቅዳሜን አሳልፎ ቢሞት ማንም አይቀየመውም ነበር። ዕድሜ የጠገበ ሽማግሌ ነው፣ ሁለት ሚስት ቀብሯል፣ የልጅ ልጅ ስሟል፣ ገዥም ሆኖ አይቶታል። ምን ቀረው? አንድ ፊርማ ብቻ ቀረው። ያችን ፊርማ ይዞባት መቃብር ስለወረደ፣ ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ መሐረቡን ሲያረጥብ ኮምፎርት በንዴት ጥርሷን ነክሳ ቆማ ነበር።

ረቡዕ ዕለት የሌሊት ቆቡን እንዳደረገ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ሂጂ ልጄ፣ ወንድምሽ አይሰቀልም" ብሏት ነበር። "ጸሐፊዬ ቅዳሜ ይመጣል። ያን ጊዜ የምሕረቱን ወረቀት ፈርሜ እልካለሁ።" ኮምፎርት እጁን ስማ፣ መንገዱን ሁሉ እየዘመረች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሐሙስ ሰውየው ሆዴን አለ። አርብ ጠዋት ደወል ተደወለ።

ወንድሟ ይሳኮር ይባላል። እናታቸው ስትሞት ገና አፉን አልፈታም ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ሌቪን ሲያገባትም ይሳኮርን አብሮ እንዳገባ ያውቅ ነበር፤ አንድም ቀን አላጉረመረመም። ሦስቱም የሚኖሩት ከአውራጃው በስተደቡብ ባለው ትልቁ ረግረግ ውስጥ ነው። የረግረጉ ሰው ኑሮውን የሚያወጣው ከጭቃ በታች ተቀብሮ ከኖረ እንጨት ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ሳይወለዱ የወደቀ ጽድ እዚያ ጭቃ ውስጥ ሳይበሰብስ ተኝቷል። በረጅም ብረት ጭቃውን እየወጉ ይፈልጉታል፤ ብረቱ እንጨት ሲነካ ከላዩ ቆንጥረው ያሸታሉ፤ ሽታው ጣፋጭ ከሆነ ቆፍረው ያወጡትና ለቤት ክዳን የሚሆን ሳንቃ ይሰነጥቁታል። ሕጋቸውም አንድ ነው፤ ብረቱን መጀመሪያ ወግቶ እዚያው ተክሎ የሄደ ሰው፣ እንጨቱ የእሱ ነው።

የኮሎኔል ትረሰል የወንድም ልጅ ጃስፐር የይሳኮርን ብረት ነቅሎ ጣለና የራሱን ተከለ። ይህን ያደረገው ለመጫወት ነው ይላሉ፤ ጃስፐር እንጨት ቢያገኝም ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ይሳኮር ግን ጨዋታው አልገባውም። ተደባደቡ። ጃስፐር ቢላዋ መዘዘ፤ ይሳኮር ሳንቃ የሚሰነጥቅበትን የእንጨት መዶሻ አነሳ። ጃስፐር ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። ፍርድ ቤት የተቀመጡት የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ቢላዋው ብዙ አልጠየቁም። ስቅላት ፈረዱበት።

ገዥው ሲሞት ወንበሩን እንዲጠብቅ የተቀመጠው የሸንጎው አፈ ጉባኤ ነው። ኮምፎርት ሄዳ ለመነችው።

"እኔ ወንበር ጠባቂ ነኝ እንጂ ባለወንበር አይደለሁም" አላት። "ሕዝቡ ሰውየውን ይምረጥ። እስከዚያ ወንድምሽ ይቆያል። ከዚያ አዲሱ ገዥ ይማረው ወይም ይስቀለው።"

ስለ አጥር ጥገና የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እንግዲህ ለሌላው ሰው ይህ የማሟያ ምርጫ ነበር፤ ሟቹ ሳይጨርስ የተወውን ዘመን የሚጨርስለት ሰው መፈለጊያ። ለኮምፎርት የአንገት ጉዳይ ነበር።

ለወንበሩ የቀረቡት ሁለቱም የዚሁ አውራጃ ሰዎች ናቸው። አንዱ የጃስፐር አጎት ኮሎኔል ትረሰል ነው፤ መሬት አለው፣ ወፍጮ አለው፣ ንብረቴ ናቸው የሚላቸው ሰዎችም አሉት። ሌላው ዶክተር ብራተን ነው፤ የአውራጃውን ግማሽ ሰው አዋልዷል፣ ግማሹን ቀብሯል። ሁለቱ አብረው ያደጉ፣ አብረው ቀበሮ የሚያድኑ፣ ልጆቻቸውን ያጋቡ ሰዎች ናቸው። የምርጫ ሰሞን ግን አንዱ የሌላው ስም ሲነሳ መሬት ላይ ይተፋል። ሰውም አይቶ ከልባቸው ይመስለዋል።

እዚህ አገር ምርጫ በተደረገ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ሰው ውጤት ለመስማት ወደ ከተማ ይመለሳል። የመመለሻ ቀን ይባላል። በፍርድ ቤቱ አደባባይ በሬ ይጠበሳል፣ የፖም ጠጅ በበርሜል ይወጣል፣ ሸሪፉ ከደረጃው ላይ ቆሞ ውጤቱን ያነባል። ከዚያ አሸናፊውና ተሸናፊው በአንድ ሰረገላ ተቀምጠው አደባባዩን ይዞራሉ። ሰረገላው ሲቆም ተሸናፊው አሸናፊውን አንድ ነገር ይለምናል፤ ይህ የተሸናፊ ድርሻ ነው፤ እምቢ አይባልም፤ እምቢ ያለም የለም። አንዴ አንዱ የአሸናፊውን አዳኝ ውሻ ለምኖ ወስዷል። ሌላው ኮፍያውን አስወልቆታል። ሌላው ደግሞ ለሰነፍ የእህቱ ልጅ የድልድይ ጠባቂነት ሥራ ጠይቆለት ድልድዩ በሁለት ዓመቱ ፈርሷል። ሰው ይስቃል፣ ሁለቱ ይተቃቀፋሉ፣ ጠቡ እዚያው ይቀበራል። ኮምፎርት ከልጅነቷ ጀምሮ ከበዓላት ሁሉ ይህን ቀን ነበር የምትወደው።

ወደ ዶክተሩ ቤት በጓሮ በር ገባች። ዶክተሩ እጅጌውን ሰብስቦ መድኃኒት እየወቀጠ ነበር።

"ዶክተር፣ ቸግሮኝ ነው የመጣሁት።"

"ጥርስ ነው?"

"አንገት ነው።"

ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው። "አሃ። የይሳኮር እህት።" ሙቀጫውን አስቀመጠ። "ረግረጉ ውስጥ ለምርጫ የሚወጣ ወንድ ብዙ ነው?"

"ግብር ከፍሎ መምረጥ የሚችለው ብዙ ነው። የሚወጣ ግን የለም። ለምን ብሎ ይወጣል? ማንም ቢገዛ ጭቃው ያው ጭቃ ነው።"

"አንቺ ብትይ ይወጣሉ?"

"እርስዎ ወንድሜን ያወጡልኛል?"

ዶክተሩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ኮምፎርት፣ እኔ ሐኪም ነኝ። ሥራዬ ሰው ማትረፍ ነው። ያን ወንበር ከያዝኩ ይሳኮር አይሰቀልም።"

ይህን ሲል ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ በገዛ እጇ የፖም ጠጅ ቀድታ ለኮምፎርት ሰጠቻት። ለረግረግ ሴት በዚያ ቤት ወንበር ተስቦላት አያውቅም። ኮምፎርት ተቀምጣ ጠጣች። ሰው ሲቸግረው ወንበር የሳበለትን ሁሉ ያምናል፤ በዚህ እኔ አልፈርድባትም።

ከዚያ ወዲያ ረግረጉን ቤት ለቤት አዳረሰችው። ጭቃው ላይ በተዘረጋው ሳንቃ እየተረማመደች፣ ትንኝ እየበላት፣ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው። ሌቪን ከኋላዋ ይከተላል። አንዳንዱ እሺ አለ፣ አንዳንዱ ጭንቅላቱን አከከ። ማሳመኑን ያቀለለችላት አክስት ታቢታ ናት፤ በረግረጉ ውስጥ ያልገሠጸችው ወንድ የለም።

"የኔን ጎረምሶች በጆሮአቸው ጎትቼ አመጣልሻለሁ" አለቻት፤ ልጆቿ እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ። "ለገዛ ሰርጋቸው እንኳ ጎትቼ ነው የወሰድኳቸው።"

"እማዬ፣ እኔ በራሴ ነው የሄድኩት" አለ ትልቁ።

"አዎ፣ በነጋታው።"

ነገሩ እንዲህ እየተስተካከለ ሳለ ኮምፎርትና ሌቪን በቆሎ ለማስፈጨት ወደ ኮሎኔሉ ወፍጮ ቤት ሄዱ። ሌላ ወፍጮ የለም፤ የተቀየመውም ያልተቀየመውም የሚፈጨው እዚያ ነው። ወረፋው ረጅም ነበር። ኮሎኔል ትረሰል በፈረሱ መጣና ከሰው ሁሉ መካከል እሷን ለየ።

"ኮምፎርት፣ ነይ እስቲ ወዲህ።"

ከወረፋው ጥቂት ራቅ አለች። ሰው ወሬውን አቁሞ ጆሮውን ሰጠ።

"ወንድምሽ የገደለው የኔን የወንድም ልጅ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ተደባድበው ነው፣ ኮሎኔል።"

"አውቃለሁ። ጃስፐርን ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ወይ ከፈረስ ወድቆ፣ ወይ በአንዱ ባል እጅ ይሞታል እያልኩ ነበር የምጠብቀው። ቂም አልያዝኩም።" ጓንቱን አወለቀ። "የረግረጉ ሰው ወትሮም ምርጫ አይወድም። ዘንድሮም እንደ ወትሮው ቤቱ ይዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ወንድምሽ አስብበታለሁ።"

ኮሎኔል ትረሰል ለማንም ድሀ "አስብበታለሁ" ብሎ አያውቅም። ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ ዝም ይላል። ኮምፎርት ይህን ታውቃለች። ግን ዓመቱን ሙሉ በር ለበር ስትለምን የከረመችው ልመና አንገቷ ደርሶ ነበር፤ በሆዷም የዶክተሩን ቃል ይዛለች። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የማለላት ሰው ነው። ይህኛው ገና ሊያስብበት ነው።

"አስብበታለሁ?" አለች፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። "ዶክተሩ ሳያስብበት እሺ ብሎኛል።"

ከወረፋው ሳቅ ተሰማ። ሳቁ አሞቃት።

"ደግሞ የረግረጉ ሰው ዘንድሮ ቤቱ አይውልም። ለእርስዎ ብሎ ከረግረጉ የሚወጣ ቢኖር ግን እንቁራሪት ብቻ ነው።"

ፊቱ በዱቄት የነጣው የወፍጮው ሠራተኛ እንኳ ምሰሶውን ይዞ ሳቀ፤ ጌታው መሆኑን ረስቶት። ከኋላ አንዱ ጉሮሮውን ነፍቶ "ቋ" አለ። ሌላው ተቀበለው። ኮሎኔሉ ፈገግ አለና በአክብሮት ኮፍያውን ነካ አድርጎላት ፈረሱን አዞረ። ያን ፈገግታ ልብ ብሎ ያየው ሌቪን ብቻ ነው።

ዱቄታቸውን ተሸክመው ሲመለሱ ሌቪን ከኋላዋ ጠራት።

"ኮምፎርት።"

"እ?"

"ሰውየው እኮ ሊሰጥሽ ነበር የመጣው።"

"ምን ሊሰጠኝ? ሐሳቡን?"

"ለእሱ ያ ብዙ ነው።"

"ፈርተሃል ሌቪን።"

"አዎ ፈርቻለሁ። አንቺም ትንሽ ብትፈሪ ደስ ይለኝ ነበር።"

እርምጃዋን አፈጠነች። ከረጢቱን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረና መንገዱን ቀጠለ።

የእንቁራሪቷ ነገር ከእሷ ቀድሞ ከተማ ገባ። ኮምፎርት ለይሳኮር የበቆሎ ቂጣ ይዛ እስር ቤት ስትደርስ በመስኮቱ ብረት ውስጥ ፊቱን ለጥፎ ጠበቃት፤ ገና ሰላም ሳይላት "ቋ" አላት። ወህኒ ጠባቂው ነግሮት ነው። ከታሰረ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል፤ ሳቁ ግን የድሮው ነበር፤ ጉንጩ ላይ የሚሰረጉደው ቦታ ሳይቀር።

"በእውነት ፊት ለፊት አልሽው?"

"ፊት ለፊት።"

"ምን አለ?"

"ኮፍያውን ነካልኝ።"

"እህቴ፣ አንቺን ነበር ገዥ ማድረግ" አለ ይሳኮር። ቂጣውን ቆርሶ እየበላ በመስኮቱ ወደ ፍርድ ቤቱ ጣሪያ አገጩን ቀሰረ። "ያን ጣሪያ በየቀኑ ሳየው እውላለሁ። እኔና ሌቪን የሰነጠቅነው ሳንቃ ነው። ዝናብ አንድ ጠብታ አያስገባም። ከስሩ ተቀምጠው ነው የፈረዱብኝ፣ ሳይረጥቡ።"

"በቅርቡ ከላዩ ወጥተህ ታድሰዋለህ።"

"ዶክተሩ ያሸንፋል?"

"ያሸንፋል።"

አመነ። እሷ ያለችውን ሁሉ ያምናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው።

የምርጫው ዕለት የረግረጉ ወንዶች ጭቃ የጠገበ ጫማቸውን አድርገው፣ የዶክተሩ ሰዎች ጽፈው ያደሉትን ወረቀት አጥፈው ይዘው ከተማ ገቡ። የአክስት ታቢታ ልጆች ከፊት ናቸው፤ እሷ ከኋላ በዱላዋ ትነዳቸዋለች። እንደ ልማዱ ሁለቱ ዕጩዎች በፍርድ ቤቱ በር ግራና ቀኝ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል፤ ወረቀቱን የሚያስገባ ሁሉ በመካከላቸው ያልፋል። የአክስት ታቢታ ትልቁ ልጅ ኮሎኔሉ አጠገብ ሲደርስ ቆም አለና "ቋ" ብሎት ገባ። ከኋላው ያለውም አለ። ከዚያ ማን ያቁመው? ሰልፉ ሁሉ እንቁራሪት ሆነ። የከተማ ሰዎች፣ የገዛ ጭሰኞቹ ሳይቀሩ፣ ከሰው መሐል ተደብቀው ጮኹበት። ኮሎኔሉ መሐረቡን አውጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲጠርግ ዋለ።

ሴቶች የሚቆሙት ከመንገዱ ማዶ ነው። ኮምፎርት እዚያ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፍርዱ ከተነበበ ወዲህ ስቃ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አሁን ሳስበው ያችን ሳቅ ልነፍጋት አልፈልግም። ሌላ አላገኘችም።

በመመለሻ ቀን አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። በሬውን የሚጠብሰው ካቶ ነው፤ ኮሎኔሉ ከአባቱ ከመሬቱ ጋር የወረሰው ሽማግሌ። በምርጫው ማንም ቢያሸንፍ፣ ካቶ ያው በሬ ጠባሽ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው ሲያንጋጥጥ እሱ ሥጋውን ነበር የሚያየው። ሸሪፉ ወጥቶ የሦስቱን አውራጃዎች ውጤት አነበበ። በሁለቱ አውራጃዎች ዕጩዎቹ ተቀራርበዋል፤ በዚህኛው የረግረጉ ድምፅ ተደምሮ ዶክተር ብራተን አለፈ። ጩኸቱ እርግቦቹን ከጣሪያው አስነሳቸው። አክስት ታቢታ ኮምፎርትን አንገቷን አንቃ ሳመቻት። ሌቪን እንኳ ፈገግ ብሎ ሚስቱን በትከሻው ገፋ አደረጋት።

"ፈርቼ ነበር እኮ" አላት።

"አውቃለሁ።"

ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሰረገላ ጎን ለጎን ተቀምጠው አደባባዩን ዞሩ። ሰረገላው በደረጃው ፊት ቆመ፤ ሸሪፉም "ተሸናፊው ድርሻውን ይጠይቅ" አለ።

"ውሻውን ውሰድበት" ብሎ አንዱ ከሕዝቡ መሐል ጮኸ።

"አማቱን ጠይቀው፣ እሱም ይገላገላል።"

"እንቁራሪት ያስይዝህ።"

እንደገና "ቋ፣ ቋ" ተባለ። ኮሎኔሉ ተነስቶ ቆመ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ከሰው ጋር አብሮ ሳቀ፣ እስኪጨርሱም በትዕግሥት ጠበቀ። ሲጨርሱ አደባባዩ ጸጥ አለ።

"ወንድሞቼ፣ ውሻ አለኝ። ኮፍያም ይኸው በእጄ ነው" አለ። "ለራሴ የምለምነው ምንም የለኝም። እኔ የተሸነፍኩት በሕግ ነው፤ ሕጉንም አከብራለሁ። አዲሱ ገዥያችንም ሕጉን ያክብርልኝ። ይህ ፍርድ ቤት ዘንድሮ የፈረደው ፍርድ ሁሉ፣ ማንም ሳይነካው፣ እንደተፈረደ ይፈጸም። ድርሻዬ ይህ ብቻ ነው።"

ሰው አጨበጨበ። ምን አለ የማያስጨበጭብ? ለራሱ ውሻ እንኳ ያልፈለገ፣ ተሸንፎ ሕግ ይከበር የሚል ጨዋ። የአክስት ታቢታ ልጆች ከካቶ ዘንድ ቀድመው ሥጋ ተቀብለው ነበር፤ አጥንቱን በጥርሳቸው ነክሰው እጃቸውን ለቀቁና አጨበጨቡ። ዘንድሮ ያ ፍርድ ቤት አንድ በግ ሌባ አስገርፏል፣ ሁለት ሰዎችን በድንበር አስታርቋል። ከዚያ ውጭ የፈረደው ይሳኮርን ብቻ ነው።

ለኮምፎርት ከሰው ሁሉ ቀድሞ ገባት። ዶክተሩን አየችው፤ እሱም ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። እምቢ ያለ ገዥ የለም፤ የመጀመሪያው መሆን አልፈለገም። ሸንጎው ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ የኮሎኔሉ ሰዎች ናቸው። ልጁም የኮሎኔሉን ልጅ ነው ያገባው። ሕዝቡም እያጨበጨበ ነው። በሌላው በኩል ያለችው አንዲት የረግረግ ሴት ናት፤ እሷም ድምፅ የላትም።

"ተሰጥቶሃል" አለ ዶክተር ብራተን፤ ሁለቱ ተቃቀፉ።

ኮምፎርት ሰዉን በክርኗ እየገፋች ሰረገላው ዘንድ ደረሰች። የሰረገላውን ጎማ ያዘች።

"ዶክተር።"

"ኮምፎርት፣ ዛሬ ቀኑ አይደለም።"

"ቀኑ መቼ ነው? ሲሰቀል?"

"ልማዱን እኔ አላመጣሁትም" አለ ዶክተሩ፤ የሚያየው የፈረሶቹን ጆሮ ነው።

"እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ነው የነገሩኝ። ሚስትዎ ቆማ ነበር።"

"የሚሰቅለው ፍርድ ቤቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ልቤ ካንቺ ጋር ነው፣ እመኚኝ።"

"ልብዎን ምን ላድርገው? እጅዎን ነው የምፈልገው።"

ኮሎኔል ትረሰል ከዚያኛው ጎን ዘንበል አለላት። ልክ እንደ ወፍጮ ቤቱ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጨዋነት ነው የነገራት።

"አስብበታለሁ ብዬሽ ነበር ኮምፎርት። አሰብኩበት።"

ነጂው ፈረሶቹን ነካ፤ ጎማው ከእጇ ወጣ። የሚገርመው፣ ሰውየው ስለ ጃስፐር እውነቱን ነበር የነገራት፤ ለጃስፐር ብሎ ማንንም አያሰቅልም ነበር። ይሳኮር የሚሰቀለው ስለ ጃስፐር አይደለም። አደባባይ ሙሉ ሰው ስለሳቀ ነው።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወደ ረግረጉ ሰዎች ደረሰ። አክስት ታቢታ "ምንድን ነው ያሉት? ምን ሆነች?" እያለች አንዱን ከአንዱ ስትጠይቅ ሌቪን በጆሮዋ ነገራት። አሮጊቷ ዱላዋ ላይ ተደግፋ ቀረች። ልጆቿ አጥንቱን በእጃቸው እንደያዙ መሬት መሬት አዩ።

"ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?" አለ ትልቁ። "መርጠናል እኮ።"

ሌላው ደግሞ የፖም ጠጁ ሳያልቅ እንዲደርስበት በርሜሉን በጎን ዓይኑ ያይ ነበር። ሌቪን ሚስቱን በክንዷ ያዛት። ነግሬሽ ነበር አላላትም፤ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላላትም። ቢላት ይሻላት ነበር።

"ቤት እንሂድ" አላት።

"ልጁ ይጠብቀኛል።"

እስር ቤቱ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ነው፤ መስኮቱ ወደ አደባባዩ ጥግ ያያል። ከዚያ ሆኖ ጩኸቱ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ይሳኮር ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ፀጉሩን በውሃ አርሶ አበጥሮ ጠበቃት። ወደ ቤት የሚሄድ መስሎት ነው።

"ሲያጨበጭቡ ሰማሁ" አለ። "እርግቦቹም ሲነሱ አየሁ። አሸነፍን?"

ኮምፎርት ፊቱን አየችው። ስታሳድገው ዋሽታው አታውቅም፤ ማታ ማታ ስለ እናታቸው ሲጠይቃት እንኳ ሞታለች ነበር የምትለው። አፏን ከፈተች። የከተማው ሰው ሁሉ ከኋላዋ ይዘፍናል።

"አሸነፍን" አለችው።

ይሳኮር ግንባሩን ብረቱ ላይ ጣል አደረገና ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀው። ትከሻው ሲወርድ ታየ። ከዚያ እንደ ልጅነቱ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ቀሰረ።

"የበሬው ሽታ ከጠዋት ጀምሮ እየገደለኝ ነው። ቁረጪልኝ እስቲ፤ ከጎኑ፣ ስብ ካለበት።"

"እሺ።"

ሄደች። ካቶ ዘንድ ወረፋ ያዘች፤ ፊቷን ያየ ሰው ሁሉ ግን መንገድ ለቀቀላት፣ ዓይኑንም አሸሸ። ካቶ ለማን እንደሆነ አልጠየቃትም። ሥጋው ላይ ጎንበስ ብሎ ከጎኑ፣ ስብ ካለበት፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቆረጠና በንጹሕ ሳንቃ ላይ አድርጎ ሰጣት። የጌታው ሰረገላ እዚያው አጠገብ ቆሟል፤ ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ሳህን እየበሉ ነው፣ ዶክተሩ ለኮሎኔሉ ይቆርስለታል።

ሥጋውን ይዛ ስትዞር ከመስኮቱ ድምፅ መጣ። ይሳኮር ነው። ባለ በሌለ ጉልበቱ ጉሮሮውን ነፍቶ "ቋ" አለ። አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ፤ እዚህም እዚያም "ቋ፣ ቋ" እያለ ተቀበለው። እሱም ከመስኮቱ እየሳቀ ደገመላቸው።

ኮሎኔሉም አፉን ጠርጎ አብሮ ሳቀ።